የዲጂታል መንትያና የባለሙያው ኃላፊነት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ድልድዩን በወንዝ ላይ ከመሥራቱ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ይሠራዋል። አናጢው ደግሞ «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» በሚለው ምክር ይተዳደራል። የሁለቱም ሐሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም ስሕተት መፈጸሙ የማይቀር ከሆነ፣ በርካሹ ነገር ላይ ተፈጽሞ በውዱ ነገር ላይ እንዳይደገም ማድረግ ነው። በአሁኑ ጊዜ «ዲጂታል መንትያ» በሚል ስም የሚጠራው ቴክኖሎጂ የዚሁ ጥንታዊ ጥረት የቅርብ ዘመን ውጤት ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ ቴክኖሎጂው ምን እንደሆነ በአጭሩ ማስረዳት፣ በኅብረተሰብ ኑሮ ላይ ያስከተለውንና ሊያስከትል የሚችለውን ጥቅምና ጉዳት በተጨባጭ ታሪኮች ማሳየት፣ በመጨረሻም ከባለሙያው የሚጠበቀውን ማመልከት ነው። የነገሩ ፍሬ በአጭሩ ሲገለጽ፣ መንትያው የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። ስለዚህ ምን እንደተነገረው፣ ማን እንደነገረውና ማንስ ሊመረምረው እንደሚፈቀድለት መጠየቅ ለኮምፒዩተር ጠበብት ብቻ የሚተው ሳይሆን መላውን ኅብረተሰብ የሚመለከት ጉዳይ ነው።

1. መንትያ የሚባለው ምንድን ነው?

ዲጂታል መንትያ ሦስት ነገሮች ሲገናኙ የሚፈጠር ነው። አንደኛው በእውነት ያለው ነገር ነው፤ ይህም የአውሮፕላን ሞተር፣ ግድብ፣ ፋብሪካ፣ ከተማ ወይም የሰው ልብ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የዚያ ነገር አምሳል በኮምፒዩተር ውስጥ ተቀርጾ የሚገኘው ነው። ሦስተኛው፣ ከሁሉም ይበልጥ ዋና የሆነው፣ በሁለቱ መካከል ያለው ያልተቋረጠ ግንኙነት ነው። በሞተሩ ላይ የተተከሉ ሴንሰሮች ሙቀቱን፣ ንዝረቱንና ግፊቱን እየለኩ ወደ ኮምፒዩተሩ ይልካሉ፤ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው አምሳልም በዚያው መጠን እየሞቀና እያረጀ ይሄዳል፤ ከአምሳሉ የተገኘው ውጤት ደግሞ ተመልሶ ሞተሩ መቼ እንዲፈተሽ ወይም መቼ እንዲወርድ ለመወሰን ያገለግላል።

ይህ ግንኙነት ከሌለ የተገኘው ነገር ሥዕል እንጂ መንትያ አይደለም። ይህ ማለት ግን ሥዕሉ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር አንድሩ ታሎን እ.ኤ.አ. በ2010 በፓሪስ የሚገኘውን የኖትር ዳም ካቴድራል በጨረር መሣሪያ ከአንድ ቢሊዮን በሚበልጡ ነጥቦች ለክቶ መዝግቦት ነበር። ምሁሩ እ.ኤ.አ. በ2018 አረፈ፤ በተከታዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2019፣ ካቴድራሉ በእሳት ሲጎዳ የተወው ልኬት ለጥገናው ከረዱት መረጃዎች አንዱ ሆነ። ካቴድራሉም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 እንደገና ተከፈተ። በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የዛማኒ ፕሮጀክትም በተመሳሳይ ዘዴ የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለክቶ መዝግቧል። እነዚህ መዝገቦች የአንድን ቀን ሁኔታ የሚያሳዩ ናቸው። በዓለቱ ውስጥ የሚሰርገውንና ስንጥቁን የሚያሰፋውን ውሃ በየወቅቱ እየለካ ለአምሳሉ የሚነግር መሣሪያ ሲጨመርባቸው ነው መዝገቡ ወደ መንትያነት የሚሸጋገረው።

2. ከኮምፒዩተር በፊትና በኋላ

የመንትያ ሐሳብ ከኮምፒዩተር ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1943 የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መሐንዲሶች ክሊንተን በምትባል በሚሲሲፒ ክፍለ ሀገር በምትገኝ ከተማ አጠገብ የታላቁን የሚሲሲፒ ወንዝ ተፋሰስ በኮንክሪት አሳንሰው መሥራት ጀመሩ። የመሬት ጠረጋና የቁፋሮ ሥራውን የጀመሩት በጦርነቱ የተማረኩ ጀርመናውያን ወታደሮች ነበሩ። ርዝመትና ወርዱ በ2000 እጅ፣ ከፍታው በ100 እጅ ያነሰው ይህ ሞዴል 80 ሄክታር ያህል መሬት ይሸፍን ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1952 የሚዙሪ ወንዝ ሞልቶ ኦማሃንና ካውንስል ብላፍስን ባስፈራራ ጊዜ፣ መሐንዲሶቹ ጎርፉን አስቀድመው በሞዴሉ ላይ እየለቀቁ ውሃው የት እንደሚደርስና የትኛው የመከላከያ ግድግዳ ከፍ ማለት እንዳለበት ለከተሞቹ ለማመልከት ቻሉ።

ከዚያ በኋላ የታየው ታላቅ ምሳሌ የአፖሎ 13 ጉዞ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1970 ሦስት ጠፈርተኞችን ይዛ ወደ ጨረቃ ትጓዝ የነበረችው መንኮራኩር ከመሬት ከ300 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ሳለ የኦክሲጅን ታንኳ ፈነዳ። ኤሌክትሪክ፣ ውሃና አየር ማለቅ ጀመሩ። በመሬት ላይ የቀሩት መሐንዲሶች መንኮራኩሯን ሊነኳት አልቻሉም፤ ነገር ግን ለጠፈርተኞቹ ማሠልጠኛ የተሠሩ ሲሙሌተሮች በእጃቸው ነበሩ። እነዚህንም ከተጎዳችው መንኮራኩር ሁኔታ ጋር እንዲመሳሰሉ አድርገው፣ የተዘጋውን የኤሌክትሪክ መሣሪያ በተረፈው ጥቂት ኃይል እንዴት መልሶ መክፈት እንደሚቻል ሞከሩ። በሕመም ሥጋት ከጉዞው የቀረው ጠፈርተኛ ኬን ማቲንግሊም የሥራውን ቅደም ተከተል በማዘጋጀት ተሳተፈ። ሦስቱም ጠፈርተኞች ሚያዝያ 17 ቀን በሰላም ወደ መሬት ተመለሱ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሲሙሌተሩ ሰዎቹን ሊያድን የቻለው እውነቱ ስለተነገረው ነው። በሂውስተን የነበሩት ሰዎች የትኛው ታንኳ እንደፈነዳና ምን ያህል ኃይል እንደቀረ ሳይደብቁና ሳያሳምሩ ለሲሙሌተሩ ነገሩት። መንትያው እንደ እናቲቱ መንኮራኩር ቆሰለ፤ በመቁሰሉም መድኃኒቱ ተገኘ።

ሐሳቡ በኮምፒዩተር ዘመን መልክ የያዘው ማይክል ግሪቭስ እ.ኤ.አ. በ2002 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስለ ፋብሪካ ምርቶች አስተዳደር ባቀረበው ትምህርት ሲሆን፣ «ዲጂታል መንትያ» የሚለውን ስም ያወጣለት በናሳ ይሠራ የነበረው ጆን ቪከርስ እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ እንደሆነ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ሴንሰር እየረከሰ፣ ኮምፒዩተርም እየፈጠነ በመሄዱ መንትያው ከጠፈርና ከአውሮፕላን ወጥቶ ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ሆስፒታልና ወደ ከተማ ገባ። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ 73 ሚሊዮን የሲንጋፖር ዶላር መድባ የመላ ከተማዋን አምሳል በኮምፒዩተር አሠርታለች።

3. የሚገኘው ጥቅም

የዚህ ዓይነቱ አምሳል ለከተማ አስተዳደር የሚሰጠውን ጥቅም ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አስፋልት ተነጥፎ ሳይውል ሳያድር ለውሃ ወይም ለስልክ መስመር ተብሎ እንደገና ሲቆፈር ያላየ የከተማ ነዋሪ የለም። ምክንያቱ የሠራተኞቹ ስንፍና ብቻ አይደለም። ከመሬት በታች ያለውን የሚያሳየው ካርታ አንዱ በአንዱ ቢሮ፣ ሌላው በሌላው ቢሮ፣ ብዙውም ጡረታ በወጣ አንድ ፎርማን ጭንቅላት ውስጥ መኖሩ ነው። የቧንቧው፣ የኤሌክትሪኩ፣ የስልኩና የፍሳሹ መስመር በአንድ አምሳል ላይ ቢገናኝ፣ ግፊቱም በየሰዓቱ ቢለካ፣ የሚባክነውን ውሃ በጉድጓድ ብዛት ከመፈለግ ይልቅ ግፊቱ በወደቀበት ቦታ መፈለግ ይቻላል። ድልድይ ከመሰንጠቁ በፊት፣ ትራንስፎርመርም ከመቃጠሉ በፊት ምልክት ይሰጣል። ጎርፍም ወደ ሰፈር ከመግባቱ በፊት በአምሳሉ ላይ አስቀድሞ ይታያል።

ጥቅሙ ይህን ያህል ግልጽ በመሆኑ ስለ እርሱ ብዙ ማተት አያስፈልግም። ሰፋ ያለ ማብራሪያ የሚሻው በጥቅሙ ጀርባ የሚመጣው ነገር ነው።

4. ያልተለካው ሰፈር

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይባላል። በመንትያ ዓለምም ያልተለካ ሰፈር አይታሰብም። ለዚህ አባባል ከሁሉ የሚቀርበው ማስረጃ ዲጂታል መንትያ የሚለው ስም ከመውጣቱ ብዙ ዓመታት በፊት በኒው ዮርክ ከተማ የደረሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የኒው ዮርክ ከንቲባ የነበሩት ጆን ሊንድሴ የከተማውን አስተዳደር በሳይንስ መንገድ ለመምራት በማሰብ ራንድ ከተባለው የምርምር ድርጅት ጋር ተዋዋሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1969ም የኒው ዮርክ ከተማ–ራንድ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ከተመደቡለት ሥራዎች ዋነኛው የእሳት አደጋ አገልግሎት ነበር። ተመራማሪዎቹ በእውቀታቸው የታወቁ፣ በቅን ልቡናም የተነሡ ሰዎች ነበሩ። የከተማውን እሳት፣ የጣቢያዎቹን ቦታና የመኪናዎቹን እንቅስቃሴ የሚያሳይ ሞዴል በኮምፒዩተር ሠሩ። የአገልግሎቱን ጥራት ለመለካት ግን አንድ ቁጥር ያስፈልግ ነበር። ለመለካት የቀለለው የእሳት አደጋ መኪና ከጣቢያ ተነሥቶ እቦታው እስኪደርስ የሚወስደው ጊዜ ሆነ። በዚህ መለኪያ መሠረት ጣቢያ የበዛባቸው የሚመስሉ ሰፈሮች ተለዩና እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ አንዳንድ የእሳት አደጋ ቡድኖች ተዘጉ፤ ሌሎቹም ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ።

ጣቢያ የበዛባቸው የመሰሉት ሰፈሮች ብዙውን ጊዜ እሳት የበዛባቸው ድሃ ሰፈሮች ነበሩ። በሞዴሉ ላይ ቡድኑ ሁልጊዜ በጣቢያው ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን በደቡብ ብሮንክስ አንድ ቡድን ከአንዱ እሳት ወደ ሌላው እየተጠራ ብዙ ጊዜ በጣቢያው አይገኝም ነበር። የእሳቱ ትልቀት፣ የሕንፃው እርጅና፣ በአንድ ክፍል ውስጥ የታጨቀው ቤተሰብ ብዛት ለመድረሻው ደቂቃ የሚሰጡት ለውጥ ስለሌለ በመለኪያው ውስጥ አልገቡም። ጆ ፍለድ የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው መጽሐፍ እንደገለጸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1980 ባለው ጊዜ በብሮንክስ 7 የሕዝብ ቆጠራ ክልሎች ከ97 በመቶ የሚበልጡ ሕንፃዎቻቸውን፣ 44 ክልሎች ደግሞ ከግማሽ የሚበልጡትን በእሳትና ባለቤት አልባ ሆኖ በመቅረት አጥተዋል።

ጥፋቱን ሁሉ በሞዴሉ ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም። የከተማው ገንዘብ መድረቅ፣ የቤት ባለንብረቶች ሕንፃዎቻቸውን ጥለው መሄድ፣ ለመድን ገንዘብ ተብሎ ሆን ተብሎ የተለኮሰ እሳት፣ ባንኮች ለድሃ ሰፈር አለማበደራቸው ሁሉ ድርሻ ነበራቸው፤ የእያንዳንዱ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነም ምሁራን እስከ አሁን ይከራከራሉ። ይሁን እንጂ የማያከራክር አንድ ነገር አለ። የሰፈሩ ነዋሪዎችና እሳት አጥፊዎቹ ጣቢያው እንዳይዘጋ በጮኹ ጊዜ፣ የቀረበላቸው መልስ በኮምፒዩተር የተሰላ ቁጥር ነበር። ነዋሪው ቁጥሩን የሚመረምርበት መንገድም ሆነ ሌላ ቁጥር የሚያቀርብበት ዕውቀት አልነበረውም። ከዚያ በፊት አንድ ሹም ጣቢያ ቢዘጋ በምርጫ ቀን ይጠየቅበት ነበር፤ ከሞዴሉ በኋላ ግን ውሳኔው የማንም ውሳኔ ያልሆነ፣ ከሒሳብ የወጣ እውነት መስሎ ታየ። መንትያ በኅብረተሰብ ላይ የሚያመጣው የመጀመሪያው ከባድ ለውጥ ይህ ነው፤ ውሳኔውን ከሰው አንሥቶ በመሣሪያ ላይ ያኖረዋል።

5. ያልተነገረው ጉድለት

ሁለተኛው ታሪክ ለኢትዮጵያውያን ቅርብ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጧቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከ6 ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። አውሮፕላኑ የቦይንግ 737 ማክስ ዓይነት ነበር። ከዚያ አራት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 2018፣ ተመሳሳይ የላየን ኤር አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ ባሕር ላይ ወድቆ 189 ሰዎች አልቀው ነበር።

ማክስ ከቀደሙት 737 አውሮፕላኖች የሚለየው በተለይ ትላልቅ ሞተሮቹ ወደ ፊት ተገፍተው በመተከላቸው ነው። ይህም በአንዳንድ የበረራ ሁኔታ አፍንጫውን ወደ ላይ የማንሣት ዝንባሌ ስለሚያመጣ፣ ኤምካስ የተባለ ሶፍትዌር በጅራቱ ላይ ያለውን አግዳሚ ክንፍ እያዞረ አፍንጫውን ወደ ታች እንዲያወርድ ተደረገ። ሶፍትዌሩ የሚሠራው አውሮፕላኑ ከነፋሱ ጋር ያለውን ማዕዘን ከሚለካ ከአንድ ሴንሰር በሚያገኘው መረጃ ነበር። የአብራሪዎቹ መመሪያ ስለዚህ ሶፍትዌር አይናገርም ነበር። የቀድሞውን 737 ያበረረ ሰው ወደ ማክስ ሲዛወር በሲሙሌተር መሠልጠን አያስፈልገውም ተብሎም ተፈቅዶ ነበር።

በመጀመሪያ ደረጃ የምርመራ ዘገባው እንደተገለጸው፣ በረራ 302 እንደተነሣ የግራው ሴንሰር የተሳሳተ መረጃ ሰጠ፤ ሶፍትዌሩም አፍንጫውን ወደ ታች ደፈቀው። አብራሪዎቹ ከላየን ኤር አደጋ በኋላ በተሰጠው መመሪያ መሠረት የኤሌክትሪኩን ማዞሪያ አጠፉ፤ ከዚያም አግዳሚ ክንፉን በእጅ መዘውር ለመመለስ ሞከሩ፤ መዘውሩ ግን አልዞር አለ። በዚያ ፍጥነት በክንፉ ላይ የሚያርፈው የነፋስ ኃይል ከሰው ጉልበት በላይ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019፣ አምራቹ ኩባንያ የማክስ ሲሙሌተር ሶፍትዌር አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን በትክክል ማስመሰል ያልቻለ እንደነበረና እርማት እንደተደረገበት በይፋ አስታወቀ። ከእነዚህም አንዱ መዘውሩን በእጅ ለማዞር የሚያስፈልገው ኃይል እንደነበረ በጊዜው ተዘግቧል።

እንግዲህ የሂውስተኑንና የዚህን ታሪክ ጎን ለጎን ማየት ይገባል። በሂውስተን መንትያው የእናቲቱን ቁስል ተቀብሎ ነበርና ሰው አዳነ። በማክስ ጊዜ ግን አውሮፕላኑ ያለበትን ሕመም መንትያው አያውቀውም ነበር። አብራሪው በሲሙሌተር ውስጥ ሺህ ጊዜ ቢሠለጥን እንኳ፣ በሲሙሌተሩ የቀለለው መዘውር በሰማይ ላይ ከብዶ ሲገኝ ልምዱ ራሱ ያታልለዋል። የሐሰት መንትያ ከመንትያ አልባነት የሚብሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ መንትያ የሌለው ሰው ይጠራጠራል፣ የሐሰት መንትያ ያለው ሰው ግን ይተማመናል።

ይህ ጉድለት የተፈጠረው ማንም ሰው ነፋሱን መለካት ስላልቻለ አይደለም። የአውሮፕላኑ ጠባይ ተለውጦ ሳለ፣ ለውጡ ለአብራሪውም ሆነ ለሲሙሌተሩ በሙሉ አልተነገረም፤ ተጨማሪ ሥልጠና እንዳያስፈልግ ማድረግ ደግሞ ለሽያጭ የሚጠቅም ነገር ነበር። ስለሆነም ችግሩ የዕውቀት ሳይሆን የመናገር ችግር ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም። በኋላ የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 አውሮፕላኑ እንደገና እንዲበር ሲፈቅድ ለአብራሪዎቹ የሲሙሌተር ሥልጠናን ግዴታ አደረገ። ይህ ደንብ ግን የመጣው 346 ሰዎች ካለቁ በኋላ ነው።

6. መንትያው የማን ነው?

እስከዚህ የተወሳው መንትያው ምን እንደሚያውቅ ነው። ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ የሚያውቀውን ለማን እንደሚናገር ነው።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 ሳይድዎክ ላብስ የተባለ የጉግል እኅት ኩባንያ በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ በሐይቅ ዳር ሴንሰር የሞላበት አዲስ ሰፈር ለመሥራት ከመንግሥታዊ ድርጅት ጋር ተስማማ። የእግረኛው፣ የመኪናው፣ የቆሻሻውና የኃይሉ እንቅስቃሴ ሁሉ የሚለካበት ሰፈር እንዲሆን ታስቦ ነበር። ነዋሪዎች ግን መረጃው የማን እንደሚሆን፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ለማን እንደሚሸጥ ይጠይቁ ጀመር። የፕሮጀክቱ አማካሪ የነበሩት የግል መረጃ ጥበቃ ባለሙያ አን ካቩኪያን፣ የሰዎች ማንነት መረጃው እንደተሰበሰበ ወዲያው እንደሚሠረዝ ዋስትና ባለማግኘታቸው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 ሥራቸውን ለቀቁ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 የኢኮኖሚውን ሁኔታ ምክንያት አድርጎ ዕቅዱን ተወ። የቶሮንቶ ሕዝብ ቴክኖሎጂን የጠላ ሕዝብ አይደለም፤ በገዛ ሰፈሩ ውስጥ የሌላ ሰው ንብረት ሆኖ መኖርን ግን አልወደደም።

ጥያቄው ወደ ሰው አካል ሲቀርብ ይበልጥ ይከብዳል። የበሽተኛውን ልብ በኮምፒዩተር ቀርጾ ቀዶ ጥገናን አስቀድሞ መሞከር ትልቅ በረከት ነው። ነገር ግን ያ ልብ መቼ ሊደክም እንደሚችል የሚናገረው አምሳል በቀጣሪ ወይም በመድን ድርጅት እጅ ቢገባ፣ ሰውየው ገና ላልታመመው በሽታ ከሥራ ሊባረር ወይም መድን ሊከለከል ይችላል። የፋብሪካ መንትያም እንዲሁ የማሽኑን ድካም ለማወቅ ተተክሎ፣ ሳይታወቅ የሠራተኛውን እጅ ፍጥነትና ለዕረፍት የወጣበትን ደቂቃ መቁጠር ሊጀምር ይችላል። በኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱ በዚህ በኩል መልካም መነሻ ነው፤ አዋጁ ሥራ ላይ የሚውለው ግን መሣሪያውን የሚተክለው ባለሙያ ሲያውቀውና ሲያከብረው ነው።

ባለቤትነት በአገሮች መካከልም ያከራክራል። የዓባይ ወንዝ ጉዳይ ለዚህ ምስክር ነው። ኢትዮጵያ፣ ሱዳንና ግብፅ የታላቁን የሕዳሴ ግድብ ተጽዕኖ በኮምፒዩተር ሞዴል እንዲያጠኑላቸው በመስከረም 2009 ዓ.ም. ከሁለት የፈረንሳይ አማካሪ ድርጅቶች ጋር ተፈራረሙ። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ነገሩ ቆመ። ያጣላው የኮምፒዩተሩ ስሌት አልነበረም፤ ስሌቱ ከየት ይጀምር የሚለው ነበር። ኢትዮጵያ ያልፈረመችው የ1959ኙ የግብፅና የሱዳን ስምምነት እንደ መነሻ ከተወሰደ ከግድቡ የሚመጣው ለውጥ ሁሉ ጉዳት ሆኖ ይታያል፤ ካልተወሰደ ግን ሌላ መልክ ይይዛል። ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የመነሻው ክርክር ያስተማረው ትምህርት ግን አብሮ አልተዘጋም። የአንድ አምሳል ፍርድ በአብዛኛው የሚሰጠው ኮምፒዩተሩ ከመከፈቱ በፊት፣ መነሻው ሲመረጥ ነው።

7. ከባለሙያው የሚጠበቅ

ከላይ ከተዘረዘሩት ታሪኮች ለባለሙያው ሦስት ግዴታዎች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ ማንኛውም መንትያ ሲሠራ በውስጡ ያለው ብቻ ሳይሆን የሌለውም በጽሑፍ መገለጽ አለበት። የከተማ ውሃ አምሳል የሚያዘጋጅ መሐንዲስ ሴንሰር ያልተተከለባቸውን ሰፈሮች ባዶ አድርጎ ቢተዋቸው፣ ካርታውን የሚያየው ሹም ባዶውን ችግር የሌለበት አድርጎ ሊረዳው ይችላል። በገመድ ውሃ የሚቀዳበት፣ ውሃ በቦቴ የሚታደልበት፣ ቤቶቹም በመዝገብ የሌሉበት ሰፈር ምንም ምልክት አይልክም፤ ዝምታው ግን የጤና ምልክት አይደለም። ስለሆነም ያልተለካው «ያልተለካ» ተብሎ በደማቁ መጻፍ ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ መንትያውን እየተጠቀመ በእውነተኛው ነገር ላይ የሚሠራው ሰው፣ እንዲሁም ውሳኔው የሚነካው ነዋሪ፣ አምሳሉን ለመጠየቅ መብት ሊኖራቸው ይገባል። አብራሪው የመዘውሩን ክብደት፣ እሳት አጥፊው የጣቢያውን ባዶነት፣ ነርሷ የበሽተኛውን ሁኔታ፣ ገበሬው የወንዙን ጠባይ ከኮምፒዩተሩ በፊት ያውቁታል። የእነርሱ ቃል ከሴንሰሩ ቃል ጋር ሲጋጭ፣ ሴንሰሩ ይመርመር እንጂ ሰዎቹ አይናቁ። «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» የተባለው ለሹመት ፈላጊ ብቻ አይደለም፤ ባለመጠየቅ የሚቀረው አንዳንድ ጊዜ የሰው ሕይወት ነው።

ሦስተኛ፣ ከመንትያው በሚወጣው ውሳኔ ሥር የአንድ ሰው ፊርማ መኖር አለበት። ንድፍ ላይ የሚፈርም መሐንዲስ ሕንፃው ቢፈርስ እንደሚጠየቅ ያውቃል፤ ስለዚህም ከመፈረሙ በፊት ብረቱን ይቆጥራል። «ኮምፒዩተሩ እንዲህ አለ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ፊርማ አይደለም። አምሳሉ ከውጭ ተገዝቶ የመጣ ቢሆን እንኳ፣ በምን መነሻ እንደተሠራ ሳይመረምር የሚቀበለው ባለሙያ ኃላፊነቱን ከሻጩ ጋር ይካፈላል። ማኅበሩም በበኩሉ ለአባላቱ በሚያዘጋጃቸው የሥነ ምግባር ደንቦችና ሥልጠናዎች ውስጥ ይህ ግዴታ ቦታ እንዲያገኝ ማድረግ ይጠበቅበታል።

የዲጂታል መንትያ ቴክኖሎጂ ወደ ኢትዮጵያ ከተሞች፣ ግድቦችና ሆስፒታሎች መግባቱ አይቀርም፤ በአንዳንዱም ዘርፍ ገብቷል። እንዳይገባ መከልከል የሚቻልም የሚገባም አይደለም። በኮምፒዩተር ውስጥ ያለ አውሮፕላን ሺህ ጊዜ ቢወድቅ ሺህ ጊዜ መልሶ ይነሣል፤ በዚህም ምክንያት ታላቅ መምህር ነው። በቢሾፍቱ ማሳ ላይ የወደቀው ግን አልተነሣም። ባለሙያው በሁለቱ መካከል የቆመ ሰው ነው፤ ለመንትያው እውነቱን የመንገር፣ መንትያው ያላወቀውንም ለኅብረተሰቡ የመናገር ሥራ የእርሱ ነው።